እትዬ እፍኝ የማድረቂያውን በር ያለ ፊርማ የከፈቱበት ዜና

በሰባተኛው ሥራ አስኪያጅ በሦስተኛው ዓመት፣ የመግቢያው የጣት አሻራ ማሽን በተበላሸ በአምስተኛው ወር፣ የመድኃኒት ፋብሪካውና ዩኒቨርሲቲው የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው ፎቶ በተነሡ በዘጠነኛው ወር፣ ሦስተኛው ሙከራ በተያዘበት በዕለተ ሐሙስ፣ የማድረቂያው ክፍል እመቤት፣ እርጥቡን ዱቄት ድል ነሺ፣ የስድሳ ዲግሪ ወላፈን የማያስደነግጣቸው፣ በአንድ በር ፊት ሃያ ሦስት ዓመት ቆመው አንድ ቀን «ደከመኝ» ያላሉ፣ እትዬ እፍኝ ያደረጉትን ተጋድሎ ናሁ እጽፋለሁ።

ይህን የምጽፍ እኔ የጋራ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ መቶ አርባ ሁለት ገጽ ጽፌ፣ በዚያ ሁሉ ገጽ የእትዬ እፍኝ ስም አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ አለመነሣቱን ባየሁ ጊዜ አፈርሁ። አንባቢ ሆይ፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል፤ የሆነውን ጻፍ ብሎ ያዘዘው የለም። ይህን ግን ማንም ሳያዘኝ ጻፍሁት፤ ደስ ያላለው በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ያስይዝልኝ።

እፍኝ የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ ክኒን ከመሆኑ በፊት ዱቄት ነው፤ ዱቄቱም በማጣበቂያ ታሽቶ፣ ወደ ማድረቂያው ገብቶ፣ በልኩ ደርቆ ሲወጣ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል። ሳይደርቅ የወጣ እንደሆነ ከማሽኑ ጋር ይጣበቃል፤ ከልኩ በላይ የደረቀ እንደሆነ ደግሞ ክኒኑ ከተጨመቀ በኋላ አናቱ እንደ ድስት ክዳን ተነሥቶ ይወድቃል። እትዬ እፍኝም በማድረቂያው ጎን ካለችው የናሙና ቀዳዳ፣ በጓንት እጃቸው አንድ እፍኝ ዘግነው፣ ጨብጠው፣ መዳፋቸውን ይከፍታሉ። የተጨበጠው እንዳለ ከቆመ «ገና ነው» ይላሉ፤ ለሁለት ከተከፈለ «ደርሷል» ይላሉ፤ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ምንም አይሉም፤ በዚያን ዕለት እሳቸውን ያላናገረ ሰው ብልህ ነው።

ከማድረቂያው ክፍል ቀጥሎ ያለው የመጭመቂያው ክፍል ነው፤ በመካከላቸው አንድ መስታወት አለ። የመጭመቂያውም ማሽን አዛዥ የእትዬ እፍኝ ታናሽ እኅት ነበረች፤ ማሽኑ ሲያመው በድምፁ ስለምታውቅ «ጆሮ» ይሏታል። እንዲህም ሆኖ፣ ታላቂቱ ያደረቁትን ታናሺቱ እየጨመቀች፣ ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ ሰርቪስ መጥተው በአንድ ሰርቪስ እየተመለሱ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበሉ ዐሥራ አራት ዓመት ኖሩ።

ወእምዝ፣ ከመቶ ክኒን ሦስቱ አናታቸው ይነሣ ነበርና፣ ከአንድ ፋርማሲ ደብዳቤ መጣ። በደብዳቤውም አንድ አዛውንት የደም ግፊት ክኒናቸውን እሽግ ከፍተው፣ ክኒኑ ሁለት ቦታ ሆኖ ቢያገኙት፣ መጀመሪያ የሚዋጠው ክዳኑ ነው ወይስ ሥሩ ብለው መጠየቃቸው ተጽፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብበው ቀሉ፣ ከዚያም ጠቆሩ፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ስልክ ደወሉ።

ሊቃውንቱም ከነሠራዊታቸው መጡ። ከፊት ባለ ግራፉ መምህር ነበሩ፤ ያዩትን ሁሉ በመሥመር ካልሣሉት እንቅልፍ የማይወስዳቸው፣ በጠባያቸው ግን የዋህ የሆኑ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ረዳት መምህራን፣ ከረዳቶቹ ኋላ አራት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ የጋውናቸው እጥፋት ገና ሳይለቅ፣ የእግር መሸፈኛውን ሦስቱ በእግራቸው አንዱ በጭንቅላቱ አጥልቆ፤ ከተማሪዎቹ ኋላ የእርጥበት መለኪያው በጥቁር ሣጥን፣ ከሣጥኑ ኋላ ሣጥኑን እንዳያናውጡ የሚጮህ ሾፌር፣ ከሾፌሩ ኋላ የሾፌሩን መታወቂያ ይዞ የሚሮጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነበረ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ ዕውቀት ይዘው መጥተዋል። የማጣበቂያውን መጠን መርምረው፣ በቤተ ሙከራቸው ሠላሳ ጊዜ ሞክረው፣ ከመቶ ሦስት ይሰበር የነበረውን ከመቶ አንድ የሚያደርስ አዲስ አሠራር ቀምረው ነበር። እትዬ እፍኝም አዲሱን ዱቄት አንድ ጊዜ ጨብጠው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ እሳቸው ለሥራ አስኪያጅ ሹመት እንኳ ራሳቸውን ነቅንቀው አያውቁም።

ያ አሠራር በፋብሪካው በሦስት ሙከራ እንዲፈተን ተወሰነ፤ ሥራውም እንዳይዝረከረክ ታስቦ ይህ አዋጅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፦

«ያየህ ላላየ ንገር። ከዛሬ ጀምሮ የማድረቂያው በር በጥራት ቁጥጥር ኃላፊው ፊርማ ካልሆነ በቀር አይከፈትም፤ ማሞቂያውም አይጠፋም። ፊርማ ሳይኖረው የከፈተ በዲሲፕሊን ይጠየቃል።»

አስቀድሞ የሚፈርመው እዚያው በሩ አጠገብ የሚውለው የፈረቃ ኃላፊ ነበር። አሁን ግን ፊርማው ወደ ጥራት ቁጥጥር ኃላፊው ወጣ፤ እሳቸውንም «ባለ ፊርማው» እንላቸዋለን። ባለ ፊርማው ጠንቃቃ፣ ቅን፣ እስክሪብቷቸውን እንኳ ለሰው የማያውሱ ናቸው፤ ውክልናም አይሰጡም፤ አንድ ጊዜ የሰጡት ወኪል በሚፈርሙበት መሥመር ሳይሆን በታቹ ስለፈረመ ከዚያ ወዲህ በሰው ፊርማ አላመኑም። ይኸው አዋጅ በወጣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፤ እሱም በሙከራው ቀን ሁሉ የጋራ ኮሚቴው ከአራት ሰዓት ጀምሮ ላይኛው ፎቅ እንዲሰበሰብ፣ ሰብሳቢውም ባለ ፊርማው እንዲሆኑ የሚል ነው። ዱቄቱ የሚደርሰው በአራት ሰዓት ተኩል ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኛ ግን ሁላችን አዋቂዎች ነበርን።

በመጀመሪያው ሙከራ ስብሰባው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ፤ ዱቄቱም አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ልኩ ሲደርቅ ቆየ፤ ከመቶ ክኒን ዘጠኙ አናታቸው ተነሣ። ኮሚቴውም ደነገጠ፤ ደንግጦም ነገሩን በሰፊው ሊመረምር ሁለተኛውን ስብሰባ አስረዘመ። በሁለተኛው ሙከራ ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ፤ ከመቶ ዐሥራ ሰባት ተነሣ። አንዱ ማጣበቂያው ነው አለ፣ አንዱ ውኃው ነው አለ፣ አንዱ ማሽኑ አርጅቷል አለ፣ አንዱም የአየሩን ጠባይ ወቀሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው፤ ለቀማውንም እኔ በየተራው እመዘግብ ነበር።

በዚያን ሰዓት ሁሉ እትዬ እፍኝ የሚፈረምበትን ቅጽ ይዘው በበሩ ፊት ቆመው ነበር። ቅጹን ይዘው ወደ ላይ ወጡ፤ በስብሰባው በር ላይ «ስብሰባ ላይ ነን፣ አታንኳኩ» የሚል ወረቀት አገኙ፤ ወረቀቱን የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ለፈረቃ ኃላፊው ነገሩት፤ በጽሑፍ ያቅርቡ አላቸው። ሦስት መሥመር ጽፈው አቀረቡ፤ ሦስቱ መሥመር እኔ ዘንድ ደረሰ፤ እኔም ከአጀንዳው መጨረሻ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር አስገባሁት። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ዘንድ ደርሰን አናውቅም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ፤ እሳቸውስ ጮኸው ነበር፤ ጩኸታቸውን ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው።

ወእምዝ በእኅትማማቾቹ መካከል ጠብ ገባ። ጆሮ አናቱ የተነሣውን ክኒን በሰሐን ስትለቅም ውላ፣ የምትልኪልኝ ዱቄት ሬሳ ነው የሚል ቃል ወጣት፤ እትዬ እፍኝም ዱቄት ገድሎ የማያውቅ እጄን ነው የሰደበችው ብለው ተቀየሟት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት በሰርቪሱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ እንጂ አልተነጋገሩም፤ ምሳ ዕቃው በመካከላቸው እንደ ድንበር ተቀመጠ። ምሳ ሲደርስ ታላቂቱ ከፍተው ይበላሉ፣ ክዳኑን ይመልሳሉ፤ ታናሺቱ ደግሞ ትከፍታለች።

ኮሚቴውም ማጣበቂያውን መርምሮ ነፃ ካወጣ፣ ውኃውን ነፃ ካወጣ፣ አየሩንም ነፃ ካወጣ በኋላ፣ የቀረው ተጠርጣሪ ሰው ብቻ ሆነ። ስለዚህም ይህ ደብዳቤ በማኅተም ወጣ፦

«በተደረገው ጥናት ችግሩ የሰው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ሦስተኛውም ሙከራ ከከሸፈ የማድረቂያ ክፍል ሠራተኛዋ ወደ ካርቶን መጋዘን ተዛውረው እንዲሠሩ ተወስኗል። ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ።»

ካርቶን መጋዘን መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ወንበር አለው፣ ጥላ አለው፣ ካርቶን አለው። ነገር ግን እትዬ እፍኝ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሠሩበትን እጃቸውን «ስህተት» ብሎ የጻፈ ወረቀት ተቀብለው እንዲሄዱ ነው የተባሉት። ከፋቸው። ልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ሊያጽናኑ ብለው፣ ቢያንስ ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ ቢሏቸው፣ ጎናቸውን ሰጥተዋቸው ዋሉ፤ ባልም የሠሩትን ስህተት ሳያውቁት ሁለት ቀን ሙሉ ቁልፍ ሲተክሉ ሰነበቱ።

ሦስተኛው ሙከራ ደረሰ። እኔ በተጋድሎው ሰዓት በቦታው አልነበርሁም፤ ላይ ሆኜ የሁለተኛውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ዐሥራ አራት ገጽ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለኮሚቴው እያነበብሁ ነበር። የሆነውን ግን ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከጆሮና በበርሜሉ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሰብስቤ፣ ሰዓቱንም ከገጼ ጋር አስተያይቼ አጣርቻለሁ።

በአራት ሰዓት ተኩል፣ እኔ ገጽ ስድስትን ስጀምር፣ እትዬ እፍኝ ከናሙናው ቀዳዳ አንድ እፍኝ ዘግነው ጨበጡ፤ መዳፋቸውን ሲከፍቱ ለሁለት ተከፈለ። ደርሷል። ቅጹን ይዘው እስከ ደረጃው ሥር ሄዱ፤ ከላይ የእኔን ድምፅ ሰሙ፤ ድምፄም የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ተመለሱ። ደግመው ጨበጡ፤ ዱቄቱ ከሦስት ቦታ ሆነ። እዚህ ላይ ፈሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደምትመሰክረው፣ የማድረቂያውን እጀታ ይዘው ቆሙ እንጂ እጀታውን አላዞሩትም። ቢቆዩ ዱቄቱ ይሞታል፤ ዱቄቱ ከሞተ ካርቶን መጋዘን ነው። ቢከፍቱ አዋጅ ተጣሰ፤ አዋጅ የጣሰ ደግሞ ካርቶን መጋዘንም ላያገኝ ይችላል። ዕውር፣ ነገ ዐይንህ ይበራል ቢሉት፣ ዛሬን እንዴት አድሬ አለ እንደሚባለው፣ ፊርማ ይመጣል ብሎ ስድሳ ዲግሪ ላይ መጠበቅ ለዱቄት እንዲሁ ነው።

ወበይእቲ ሰዓት ጀርባቸውን አቀኑ፤ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወደ መስታወቱም ዞረው፣ በሰማ ሁሉ ፊት ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ምስክር ሁኑ። ዱቄቱ ደርሷል፣ ፊርማው አልደረሰም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋፋኝም። እከፍታለሁ። ካጠፋሁ እኔው ልጠየቅ፣ እኅቴን እንዳትነኩ።»

አወጁና ማሞቂያውን አጠፉ፤ እጀታውንም አዞሩት፤ በሩም ተከፈተ። በታሪክ እንደ ተጻፉት ታላላቅ በሮች ሁሉ መጮህ ነበረበት፤ ግን ጠዋት ዘይት ስለቀቡት አልጮኸም። ዱቄቱን አንድ እፍኝ ሳያፈሱ ወደ በርሜሉ ገለበጡ፤ ክዳኑን ገጠሙ፤ በማሸጊያ ዙሪያውን አሰሩ፤ ወደ መጭመቂያውም አላሳለፉትም፤ ከበሩ አጠገብ አቁመው በላዩ ላይ እንዲህ ጽፈው ለጠፉበት፦

«በአራት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ተከፈተ። አልተፈረመበትም። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሳይፈረምበት አይነካ።»

ያን ጊዜ እኔ ገጽ ሰባት ላይ፣ ስለ አየሩ ጠባይ የተሰጠውን ሦስተኛ አስተያየት እያነበብሁ ነበር። እትዬ እፍኝም በርሜሉ አጠገብ ቆመው ጠበቁ፤ ሦስት ሰዓት ጠበቁ፤ ምሳም አልበሉ። ጆሮ በመስታወቱ በኩል ሁሉን አይታ፣ አዋጁንም እስከ መጨረሻው ቃል ሰምታ፣ ምሳ ዕቃውን ይዛ እስከ በሩ መጣች፤ በበሩ ላይ ቆመችና ተመለሰች፤ እሷም አልበላችም።

በሰባት ሰዓት ተኩል ኮሚቴው ወረደ። ባለ ፊርማው በርሜሉን አዩ፤ ጽሑፉን አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አነበቡ። ደማቸው ፈላ፤ እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ሥራ ይቁም። ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስ። ይህ በዚህ ፋብሪካ ሆኖ አያውቅም።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አስቀድሞም የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። ባለ ግራፉ መምህር ግን ጥቁሩን ሣጥን አስመጡ፤ ከበርሜሉ ናሙና ወስደው ለኩ፤ መለኪያውም እርጥበቱ ሁለት ከመቶ ነው አለ። ሁለት ከመቶ በቤተ ሙከራቸው ሠላሳ ጊዜ ሲፈልጓት የኖሩት ቁጥር ናት። መምህሩ መለኪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብለው አጥፍተው አብርተው ደግመው ለኩ፤ አሁንም ሁለት አለ። ከዚያም ሥራ አስኪያጁ ተጠሩ፤ መጥተውም ጽሑፉንና ቁጥሩን በየተራ አይተው፣ ዱቄቱ ለሽያጭ ሳይሆን ለሙከራ ብቻ ይጨመቅ ሲሉ አዘዙ። ባለ ፊርማውም ለሙከራ ብቻ የሚለው ቃል ከሥሩ እንዲሰመርበት አድርገው ፈረሙ።

ጆሮ ማሽኑን አስነሣች። እንደ ልማዷ ጭንቅላቷን ወደ ማሽኑ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፤ ማሽኑም የሚያመው ነገር አልነበረም። መቶ ክኒን ተቆጥሮ በሚሽከረከረው መፈተኛ ውስጥ ገባ፤ አራት ደቂቃም ተሽከረከረ። በዚያ አራት ደቂቃ ሥራ አስኪያጁ ጣሪያውን አዩ፣ ባለ ፊርማው እስክሪብቷቸውን አዩ፣ እትዬ እፍኝ ግን እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ከትተው ወለሉን አዩ። ጆሮ ክኒኖቹን በሰሐን ዘርግታ ቆጠረች፤ ደግማም ቆጠረች። ከመቶው አንድ ብቻ አናቱ ተነሥቷል። እሷም ጓንቷን አውልቃ፣ በሁሉም ፊት ወደ ታላቅ እኅቷ ሄዳ፣ አንገቷን ደፍታ ትከሻቸውን ሳመች፤ እትዬ እፍኝም ግንባሯን ሳሙ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ባለ ፊርማው ምርት ክፍል ውስጥ ማልቀስ በመመሪያው ስለመፈቀዱ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉትም።

ባለ ግራፉ መምህር ግን የእኔን ቃለ ጉባኤ ከእጄ ነጥቀው፣ በጀርባው ላይ አንድ የቆመ መሥመርና አንድ የተጋደመ መሥመር ሣሉ። በተጋደመው ላይ ዱቄቱ ደርሶ ፊርማ የጠበቀበትን ሰዓት፣ በቆመው ላይ አናታቸው የተነሣውን ክኒኖች አስቀመጡ። ለአንድ ሰዓት ዘጠኝ፣ ለሁለት ሰዓት ዐሥራ ሰባት፣ ለዛሬዋ ስድስት ደቂቃ አንድ። ሦስቱን ነጥብ በማስመሪያ አገናኟቸው፤ ቀጥ ያለ መሥመር ሆነ። በሕይወታቸው እንዲህ ቀጥ ያለ መሥመር አግኝተው አያውቁም ነበርና መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ወዲያው የተጋደመው መሥመር ምን እንደሚቆጥር ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ምሁር ናቸውና አልደበቁትም። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው፣ በራሳቸው ላይ ይህን አዋጅ አወጁ፦

«አሠራራችን ትክክል ነው። ማጣበቂያው ትክክል ነው፣ ማሽኑም ትክክል ነው። ክኒኑን የሰበረው ስብሰባችን ነው። ዛሬም እኚህ ሴት ባይከፍቱት ኖሮ ሃያ አምስት ይሰበር ነበር፤ እኛም ምክንያቱን ለማወቅ አራት ሰዓት እንሰበሰብ ነበር።»

እኔም ያን ስብሰባ ማን እንዳስረዘመው፣ ሦስቱን መሥመር ማን ልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንደ ቀበረው አውቄ፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆምሁ።

ፍርዱም በማግስቱ ተሰጠ። እትዬ እፍኝ ያለ ፊርማ በር በመክፈታቸው የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ሙከራውን በማዳናቸው የምስጋና የምስክር ወረቀት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ማኅተም ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ወረቀት በግል ማኅደራቸው ጎን ለጎን ገባ። ወደ ካርቶን መጋዘን የሚለው ደብዳቤ ተሻረ። ባለ ፊርማውም ይህን ለማድረግ ሌሊቱን ሳይተኙ እንዳደሩ ዐይናቸው እየመሰከረ፣ ፊርማውን በሩ አጠገብ ለሚውለው ለፈረቃ ኃላፊው መለሱ፤ የት መሥመር ላይ እንደሚፈረምም ራሳቸው በእርሳስ ምልክት አድርገው አሳዩት። አዲሱም አሠራር ሲጻፍ በሰባተኛው ተራ ላይ እንዲህ የሚል ገባ፦ ሠራተኛዋ ዱቄቱን ትጨብጥ፤ ለሁለት ሲከፈል በመለኪያ ይረጋገጥ፤ በሩ ይከፈት። ከሊቃውንቱ አንዱ «መጨበጥ» የሚለውን በሌላ፣ ረዘም ባለ ቃል ሊለውጥ ፈልጎ ነበር፤ መምህሩ ከለከሉት።

ከዚያም የመጨረሻው ማዕርግ መጣ። ሥራ አስኪያጁ፣ እንዲህ ያለች ሠራተኛ እስከ ዛሬ በኮሚቴው አለመኖሯ ነውር ነው ብለው፣ እትዬ እፍኝን የጋራ ኮሚቴው ሙሉ አባል አድርገው ሾሙ። በሹመታቸው የመጀመሪያ ቀን፣ በአራት ሰዓት፣ በላይኛው ፎቅ፣ ስም ካለበት ካርድና ከታሸገ ውኃ ፊት ተቀመጡ፤ የስብሰባው ሰዓት አልተለወጠም ነበር፤ መለወጡ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር ተይዟልና። እኔም ቃለ ጉባኤዬን ገልጬ ማንበብ ጀመርሁ። አንብቤ አንብቤ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ሲሆን፣ እትዬ እፍኝ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ተነሡ። ፈቃድ አልጠየቁም፤ ይቅርታም አላሉ። ዱቄቴ ሊደርስ ነው ብለው ወጡ።

በዚህ ኮሚቴ ታሪክ፣ ቃለ ጉባኤ እየተነበበ ማንም ተነሥቶ ወጥቶ አያውቅም። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ መጀመሪያ መምህሩ ተነሡ። ቀጥለው ሥራ አስኪያጁ ተነሡ፣ ረዳቶቹ ተነሡ፣ አራቱ ተማሪዎች ተነሡ። ባለ ፊርማው ስብሰባውን ሳይዘጉ መነሣት ይቻል እንደሆነ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ ከዚያ መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ተነሡ። እኔም አረፍተ ነገሩን ከመካከሉ አቋርጬ ተከተልኋቸው።

ዘጠኝ ወር ስለ ማድረቂያው ስንመክር፣ ሁላችን አንድ ላይ ማድረቂያው ፊት ቆመን አናውቅም ነበር። ጋውን ለበስን፣ ጓንት አጠለቅን፤ እትዬ እፍኝ ከናሙናው ቀዳዳ እየዘገኑ በየመዳፋችን ጥቂት ጥቂት ዱቄት አኖሩልን። ጨበጥን። መምህሩም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ባለ ፊርማውም፣ እኔም እጃችንን ጨብጠን በረድፍ ቆምን፤ መቼ መክፈት እንዳለብን የሚያውቅ አልነበረምና ሁላችንም እሳቸውን አየን።

ስለዚህ ክብር ለእትዬ እፍኝ ይሁን፣ በሩን ለከፈቱት፤ ክብር ለቀኝ እጃቸው ይሁን፣ መለኪያ ሳይመጣ ለለካው፣ ወረቀት ስህተት ሲለው ላልተንቀጠቀጠው፤ ተንቀጥቅጦም እንደሆነ እጀታውን ላዞረው። ዘመናቸው በጤና ይርዘም፤ ስብሰባችንም ይጠርልን። የክኒኑ አናት በቦታው ይጽና፤ የዋጠውም ሁሉ ይዳን። አሜን።